«በአጠቃላይ ጥሩ ነው፤ በርታ» ማለት ማስተማር አይደለም
ከአንድ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ተማሪ

የማስተማር ልምምዳችንን ጨርሰን ወደ ግቢ ከተመለስን ወዲህ በምግብ አዳራሽም ሆነ በመኝታ ክፍል የሚሰማው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ «ስንት አገኘህ?» የሚል። ያነሰ ነጥብ የደረሰው ያማርራል፣ የበለጠ ያገኘው ዝም ብሎ ይበላል። «ምን ተባልህ? ከተባልህስ በኋላ ምን አሻሻልህ?» ብሎ የሚጠይቅ ግን እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። እኔም ራሴ ማንንም አልጠየቅሁም። የዚህ ጽሑፍ መነሻ ይኸው ያልተጠየቀ ጥያቄ ነው።

ነገሩን ከራሴ ልጀምር። ለልምምድ የተመደብሁት መስማት ለተሳናቸው ልጆች ልዩ ክፍል ባለው በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ነበር። ክፍሉ 2ኛ ክፍል ሲሆን ልጆቹ 14 ናቸው። ተቆጣጣሪ መምህሬ በሁለተኛው ሳምንት መጡና ከኋላ ወንበር ላይ ተቀመጡ። 20 ደቂቃ ያህል ከተመለከቱ በኋላ የነጥብ መስጫውን ቅጽ ሞሉ፤ ከግርጌው «በአጠቃላይ ጥሩ ነው፤ በርታ» ብለው ጻፉ፤ እጄን ጨብጠው ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ሄዱ። የምልክት ቋንቋ አያውቁም ነበር። እኔም ነጥቤን አይቼ ደስ ብሎኝ ዋልሁ።

በማግሥቱ የክፍሉ ነባር መምህርት ደብተር ይዘው ጥግ ላይ ተቀመጡ። ደወሉ ተደውሎ ልጆቹ ለዕረፍት እንደ ወጡ ጠሩኝና እንዲህ አሉኝ፦

«ልጄ፣ ዛሬ ሰሌዳ ላይ እየጻፍህ ሰባት ጊዜ አስረዳህ። ሰባቱንም ጊዜ ልጆቹ ያዩት ጀርባህን ነው።»

«ሰባት ጊዜ?» አልሁ።

«ቈጥሬዋለሁ። መስኮቱ አጠገብ ያለችው ልጅ እስከ ሦስተኛው ድረስ ታግሣ ተከተለችህ፤ ከዚያ በኋላ ከጎረቤቷ ደብተር መገልበጥ ጀመረች። ነገ ሌላ ምንም እንድትለውጥ አልፈልግም። መጀመሪያ ጻፍ፤ ጠመኔውን አስቀምጥ፤ ዞር በል፤ ዐይናቸው እስኪመጣልህ ጠብቅ፤ ከዚያ በእጅህ ተናገር። ነገም እቈጥርልሃለሁ።»

«እሺ፣ እትዬ» ብዬ ወጣሁ። እውነቱን ለመናገር ተቈጥቼ ነበር። ነገር ግን በማግሥቱ ሰባቱ ወደ ሦስት ወረደ፤ በሦስተኛው ቀን ወደ አንድ። በሳምንቱ መጨረሻ መስኮቱ አጠገብ ያለችው ልጅ እጇን አውጥታ ጠየቀችኝ። ከዚያ በፊት ጠይቃኝ አታውቅም ነበር። እኔ ልጅቱን ዐይን አፋር ናት ብዬ በማስታወሻዬ ጽፌ ነበር።

ውድ አንባብያን፣ ከላይ ያነሣኋቸው ሁለቱም ግብረ መልስ ይባላሉ። አንደኛው በፋይል ገብቶ በመዝገብ ቤት ተቀምጧል፤ ሁለተኛው በአንዲት ልጅ ደብተር ላይ ይገኛል። የመጀመሪያው አልጎዳኝም፤ ስላልጎዳኝም ምንም አልጠቀመኝም ብዬ አልከራከርም። የምከራከረው ስለ ልጆቹ ነው። ነባሯ መምህርት ባይኖሩ ኖሮ ለ14 ልጆች ጀርባዬን ሳስተምር ልምምዴን በጥሩ ነጥብ ጨርሼ እመለስ ነበር።

እዚህ ላይ «ይህ በማንኛውም መምህር ሥልጠና ላይ የሚደርስ ነው፤ ስለ ልዩ ፍላጎት ትምህርት ለይቶ ማውራት ለምን አስፈለገ?» የሚል ይኖራል። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። በመደበኛው ክፍል መምህሩ ቢሳሳት ልጁ ጎረቤቱን ይጠይቃል፣ መጽሐፉን ይገልጣል፣ ቤት ሲደርስ ታላቅ ወንድሙ ያስረዳዋል። መስማት ከተሳናቸው ልጆች አብዛኞቹ ግን የሚወለዱት ከሚሰሙ ወላጆች ነው፤ በቤታቸው የምልክት ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ብዙ ጊዜ የለም። ለእንዲህ ያለው ልጅ መምህሩ የትምህርቱ ብቻ ሳይሆን የቋንቋውም ምንጭ ነው። ዓይነ ስውር ልጅ በተቀመጠበት ክፍል መምህሩ በጣቱ እየጠቆመ «ይህን ከዚያኛው ጋር ስንደምረው ይህን ይሰጠናል» ቢል፣ ዐይን ላለው ተማሪ ሙሉ ትምህርት የሆነው ዐረፍተ ነገር ለዚያ ልጅ ባዶ ድምፅ ነው። የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ላለበት ልጅ «ደብተርህን አውጣ፣ ቀኑን ጻፍ፣ ሥራውን ጀምር» ብሎ ሦስት ትእዛዝ ባንድ ትንፋሽ መስጠት ሦስቱንም መንሣት ነው። እነዚህ ስሕተቶች ጥቃቅን ናቸው፤ ከኋላ ወንበር ላይ ሆኖ በጥቅሉ ለሚመለከት ሰው አይታዩም፤ ክፍሉ ጸጥ ብሎ፣ መምህሩም እየተናገረ ነውና። ልጁም አይከስስም። ስለዚህ የተመልካቹ ዐይን ካልሠራ ስሕተቱን የሚናገር ማንም የለም።

ስለ ጥሩ ግብረ መልስ ስናወራ ከባሕር ማዶ የመጣ አዲስ ትምህርት የሚመስላቸው አሉ። በቅኔ ቤት ያደገ ሰው ግን ይህን ሲሰማ የሚገርመው አይመስለኝም። ተማሪው የቈጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል፤ የኔታም ቅኔው የተሰበረበትን ቦታ እዚያው ለይተው ያቀናሉ፤ ተማሪው በማግሥቱ ሌላ ቈጥሮ ይመጣል። እርማቱ ቦታ አለው፣ ጊዜ አለው፣ ተመልሶ የመሞከሪያ ዕድልም አለው። ሁሉም በቃልና በጆሮ የሚፈጸም በመሆኑ ዓይነ ስውራን ተማሪዎች ከሌሎች እኩል ገብተውበት ሊቃውንት ወጥተውበታል። በዚያ ቤት ቁጣና አርጩሜም እንደ ነበሩ አልክድም፤ የምንወርሰው ያንን አይደለም።

የዘመናችን ተመራማሪዎችም የደረሱበት ከዚህ ብዙ አይርቅም። እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1996 ክሉገርና ዴኒሲ የተባሉ ሁለት ሊቃውንት ስለ ግብረ መልስ የተደረጉ ጥናቶችን ሰብስበው ከ600 በላይ ውጤቶችን መረመሩ። ግብረ መልስ በአማካይ ሥራን እንደሚያሻሽል አገኙ፤ ነገር ግን ከሦስት አንዱ እጅ በላይ በሆነው ጊዜ ጭራሽ ሥራውን እንዳበላሸው አስታወቁ። ግብረ መልሱ የሰውየውን ሐሳብ ከሥራው አንሥቶ ወደ ራሱ ሲወስደው፣ «እኔ ምን ዓይነት ሰው ነኝ?» ወደሚል ጭንቀት ሲጥለው ጥቅሙ ይቀንሳል። በ2007 ደግሞ ሃቲና ቲምፐርሊ ጥሩ ግብረ መልስ ሦስት ጥያቄዎችን መመለስ አለበት አሉ፦ ወዴት እየሄድሁ ነው? እስካሁን እንዴት እየሄድሁ ነው? ቀጥሎስ ወዴት? እነርሱም «ጎበዝ ነህ» እንደሚለው ያለ በሰውየው ማንነት ላይ ብቻ የሚያርፍ ምስጋና ከሁሉ ያነሰ ውጤት እንዳለው ገልጸዋል።

ይህን ይዤ ወደ እኛ አባባል ልመለስ። «ወዳጅ ያስለቅሳል፣ ጠላት ያስቃል» እንላለን። አባባሉ ይሉኝታን ለመስበር ጥሩ ነው። ነገር ግን ያስለቀሰ ሁሉ ወዳጅ አይደለም። «አንተ ለዚህ ሙያ አልተፈጠርህም» የተባለ ተለማማጅ ያለቅሳል፤ ከልቅሶው በኋላ ግን ነገ ጠዋት በምን እንደሚጀምር አያውቅም። «በርታ» የተባለውም እንዲሁ አያውቅም። ቁጣና ሙገሳ ተቃራኒ ይመስላሉ እንጂ በዚህ አንድ ናቸው፤ ሁለቱም የሚናገሩት ስለ ሰውየው ነው፣ ስለ ሥራው አይደለም። «ሰባት ጊዜ ጀርባህን አዩ» የሚለው ግን ስለ እኔ ምንም አላለም፤ ስለ ጀርባዬ እንጂ።

እንግዲህ ፍሬ ያለው ግብረ መልስ ምን ምን ይዟል? እኔ ከተማርሁትና ከደረሰብኝ ተነሥቼ አራት ነገር እላለሁ።

አንደኛ፣ የታየን ነገር ይናገራል፤ የሚቈጠር ከሆነም ይቈጥራል። «የክፍል አያያዝህ ደካማ ነው» ከማለት ይልቅ «በ10 ደቂቃ ውስጥ 9 ጥያቄ ጠየቅህ፤ 8ቱን የመለሱት ሁለት ልጆች ናቸው» ማለት ይሻላል። ሜሪ ባድ ሮው የተባሉት የትምህርት ተመራማሪ መምህራን ጥያቄ ጠይቀው የሚታገሡት በአማካይ አንድ ሴኮንድ ያህል ብቻ መሆኑን በ1970ዎቹ ያወቁት በግምት ሳይሆን ለክተው ነው። ትዕግሥቱ ወደ ሦስት ሴኮንድ ሲደርስ የልጆቹ መልስ ረዘመ፣ ዝም ይሉ የነበሩትም መናገር ጀመሩ። ማንም መምህር «አንተ ችኩል ነህ» ቢባል ይከራከራል፤ «አንድ ሴኮንድ ጠበቅህ» ቢባል ግን ወደ ሰዓቱ ያያል። ሐሳቡን ለማቀናጀት ጊዜ ለሚፈልግ ልጅ ደግሞ ያች ተጨማሪ ሁለት ሴኮንድ የትምህርቱ በር ናት።

ሁለተኛ፣ ሳይቀዘቅዝ ይሰጣል። ሺለርና ባልደረቦቿ በ2004 ለመምህራን ስለሚሰጥ ግብረ መልስ የተጻፉ ጥናቶችን ሲመረምሩ ጎልቶ የወጣላቸው ጥቅም የፈጣኑ ግብረ መልስ ነው። እንዲያውም በአሜሪካ በልዩ ትምህርት መምህራን ሥልጠና ተቆጣጣሪው በተለማማጁ ጆሮ ላይ በተደረገች ትንሽ ማዳመጫ አማካይነት ትምህርቱ ሳይቋረጥ በአጭር ቃል የሚመክርበት ዘዴ ተሞክሮ ውጤት አሳይቷል። እኛ ማዳመጫውን አንጠይቅም። ደወሉ ከተደወለ በኋላ ያለውን 10 ደቂቃ ግን እንጠይቃለን። ከአንድ ወር በኋላ በፖስታ ታሽጎ የሚደርስ አስተያየት ያ ትምህርት ምን እንደ ነበር እንኳ ከረሳነው በኋላ ይደርሳል።

ሦስተኛ፣ ጥቂት ነው። 25 ነጥብ ባለው ቅጽ ላይ ባንድ ቀን 11 ጉድለት የተነገረው ተለማማጅ አንዱንም አያርምም። ነባሯ መምህርት ሌላ ጉድለት ሳያዩብኝ ቀርተው አይመስለኝም፤ አንዱን መርጠው የቀረውን ለሌላ ቀን አቆዩት። የትኛው ስሕተት ልጆቹን አብዝቶ እንደሚጎዳ ለይቶ ያንን ማስቀደም የአሠልጣኙ ትልቁ ዕውቀት ነው።

አራተኛ፣ ተመልሶ መሞከርን ያስከትላል። በ1963 በስታንፎርድ ዩኒቨርስቲ ማይክሮ ቲቺንግ ሲጀመር ሥርዐቱ ለጥቂት ደቂቃ ማስተማር፣ ግብረ መልስ መቀበል፣ ከዚያ ያንኑ ትምህርት አሻሽሎ እንደገና ማስተማር ነበር። በእኛ ክፍል ስንለማመደው ያየሁት ግን ሁለቱ ሲፈጸሙ ሦስተኛው በጊዜ ጥበት ምክንያት ሲቀር ነው። እንደገና ማስተማር የሌለበት ግብረ መልስ፣ በሽታውን ነግሮ መድኃኒቱን ሳይሰጥ የሚሸኝ ሐኪም ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጓደኛችን የደረሰበትን ሳላነሣ ባልፍ ሕሊናዬ አይፈቅድልኝም። ጓደኛችን ዓይነ ስውር ነው፤ የተመደበውም ዐይናማና ዓይነ ስውር ልጆች አብረው በሚማሩበት ክፍል ነበር። እርሱ ሲያስተምር ሰሌዳው ላይ የሚጽፈው በየተራ የሚመረጥ ተማሪ ነው፤ የተጻፈውንም ሌላ ተማሪ ጮክ ብሎ ያነባል። በዚህም ምክንያት በብሬል የሚጽፉት ልጆች ከሌሎቹ አንድ ቃል ሳይቀርባቸው፣ በስሌትና በስታይለስ ከቀኝ ወደ ግራ ነጥቦቹን እየወጉ ይከተሉታል። እንግዲህ በነጥብ መስጫው ቅጽ ላይ «የሰሌዳ አጠቃቀም» የሚል ረድፍ አለ። ከ5 2 ተሰጠው። አስተያየቱም በብዕር ተጽፎ በእጁ ተሰጠው። ሊያነበው አልቻለም። በመኝታ ክፍላችን ሌላ ተማሪ አነበበለት፤ እኛም ሁላችን ሰማን።

ተቆጣጣሪው ክፉ ሰው ነበሩ ለማለት አይደለም። ቅጹ የተሠራው መምህር ሁሉ ዐይን አለው ከሚል ሐሳብ ነው። በዚያ ክፍል ውስጥ ካየነው ሁሉ የተሻለው አሠራር በቅጹ ላይ ጉድለት ሆኖ ተመዘገበ። እኛ «ዕውር»፣ «ደንቆሮ» የሚሉትን የጥንት ቃላት ከአንደበታችን አውጥተናል፤ መልካም አድርገናል። ነገር ግን ቃሉን ከመጽሐፍ ፍቀን ሐሳቡን በቅጽ ውስጥ ካኖርነው ምን ለወጥን? አገራችን በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በ24ኛው አንቀጹ የምልክት ቋንቋና ብሬል የሚያውቁ መምህራን፣ አካል ጉዳተኛ የሆኑትም ጭምር እንዲቀጠሩ ያዛል። መቀጠር ማለት በራሳቸው አሠራር ሊያስተምሩና በዚያው ሊመዘኑ እንጂ በሌላ ሰው ዐይን ተለክተው ሊያንሱ አይደለም።

መምህሮቻችን ለዚህ ሁሉ የሚሰጡት መልስ አለ፤ መልሱም ቀላል አይደለም። አንድ ተቆጣጣሪ ብዙ ተለማማጆች በተራራቁ ትምህርት ቤቶች ይመደቡበታል። መኪና ይጠፋል፤ ከጠዋት እስከ ማታ በታክሲ ሲንከራተት የሚውል መምህር 10 ደቂቃ ተቀምጦ ማነጋገር ቅንጦት ሊመስለው ይችላል። ይህን አምናለሁ። ነገር ግን ሁለት ነገር ልጨምር። ጊዜ ካጠረ የሚቀረው ውይይቱ መሆን የለበትም፤ ቅጹ ይጠር። ደግሞም ግብረ መልስ የሚሰጥ ሰው የግድ ከዩኒቨርስቲ መላክ የለበትም። የእኔን ስሕተት ያየችው ዐይን እዚያው ክፍል ውስጥ ነበረች፤ ማንም ግን ሥራዬ ብሎ አልጠየቃትም፣ ለድካሟም አልከፈላትም።

ከጥፋቱ እኛ ተማሪዎችም ነፃ አይደለንም። ተቆጣጣሪ በሚመጣበት ቀን ከዚህ በፊት ያስተማርነውን ትምህርት መርጠን፣ ልጆቹን መልሱን አስጠንተን ድራማ የምንሠራ እኛ ነን። እኔም በዚያ በሁለተኛው ሳምንት ያደረግሁት ይህንኑ ነበር። ታዲያ ተቆጣጣሪዬ ያልታየውን ስሕተት ካላረሙልኝ በምን አፌ እወቅሳቸዋለሁ? ነገር ግን ይህን እንድናደርግ የሚገፋን አንድ ምክንያት አለ፤ የሚያርመን ሰውና ነጥብ የሚሰጠን ሰው አንድ መሆኑ፣ ያውም ባንድ ሰዓት። ነጥቡ ባለበት ድካሙን የሚያሳይ ተማሪ የለም፤ ድካም ካልታየ ደግሞ ማረም አይቻልም።

ስለዚህ የተማሪዎች ማኅበራችን የሚከተሉትን ለትምህርት ክፍሉ እንዲያቀርብ አሳስባለሁ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጉብኝቶች ያለ ነጥብ፣ ለማረም ብቻ ይሁኑ። ከእያንዳንዱ ጉብኝት በኋላ ቢያንስ 10 ደቂቃ የቃል ውይይት ይኑር፤ በውይይቱም አስቀድሞ ተለማማጁ ምን እንዳሰበና ምን እንዳየ ይናገር፤ ከዚያ ከሁለት ያልበለጡ ነጥቦች ይጻፉ፤ ቀጣዩ ጉብኝት ከእነዚያ ይጀምር። ጽሑፉም ተለማማጁ ሊያነበው በሚችለው መንገድ፣ በብሬል ወይም በድምፅ ይሰጠው። በምልክት ቋንቋ የሚሰጥን ትምህርት ቋንቋውን የማያውቅ ሰው ብቻውን አይመዝነው፤ መስማት የተሳናቸውና ዓይነ ስውራን የሆኑ ነባር መምህራን በክፍያ ተጋብዘው ከተመልካቾቹ መካከል ይሁኑ። በቅጹ ላይ «የሰሌዳ አጠቃቀም» የሚለው ተሰርዞ «የተጻፈው ለእያንዳንዱ ልጅ ደረሰ ወይ?» የሚል ይተካ።

ይህ ሁሉ እስኪፈጸም ድረስ ደግሞ የማንንም ፈቃድና በጀት የማይጠይቅ አንድ ሥራ በእጃችን አለ። በሚመጣው ልምምድ አንድ ትምህርት ቤት የተመደብን ሁለት ሁለት እየሆንን እንጣመር። አንዱ ሲያስተምር ሌላው ጥግ ይቀመጥና አስቀድመው የተስማሙበትን አንድ ነገር ብቻ ይቍጠር፤ ስንት ጊዜ ጀርባ እንደ ሰጠ፣ ስንት ሴኮንድ እንደ ጠበቀ፣ ስንት ጊዜ «ይህ» እና «ያ» ብሎ በጣቱ እንደ ጠቆመ። በዕረፍት ሰዓት ይንገረው፤ በማግሥቱ ይለዋወጡ። ጓደኛዬ ሲቈጥርብኝ ይሰልለኛል የሚል ካለ፣ መስኮቱ አጠገብ የተቀመጠችውን ልጅ ያስታውስ። እርሷ ሳትናገር ስንቈጠርባት የኖርነው እኛ ነን።

ከእንግዲህ በምግብ አዳራሽ «ስንት አገኘህ?» ለሚለኝ ጓደኛ ነጥቤን እነግረዋለሁ፤ አልደብቅም። ነገር ግን ወዲያው «አንተስ ምን አረምህ?» ብዬ እጠይቀዋለሁ። እርሱም መልሶ እንዲጠይቀኝ እለምነዋለሁ።